ኮክሲዲዮሲስን ከጫጩት ቤት ማራቅ፦ ለሀዋሳ ዶሮ አርቢዎች ዝርዝር መመሪያ

ለእንቁጣጣሽ ገበያ ዶሮ ለማድረስ ያሰበ የሀዋሳ አርቢ የአንድ ቀን ጫጩት የሚያስገባው ሰኔ ግድም ነው። ጫጩቶቹ ሦስተኛና አራተኛ ሳምንታቸውን የሚይዙት ሐምሌ ላይ፣ ዝናቡ ሳያባራ ነው። ኮክሲዲዮሲስ የሚባለው የአንጀት በሽታ ጫጩት የሚፈጅበት ዕድሜ ደግሞ ከሦስት እስከ ስድስት ሳምንት ያለው ነው። ሁለቱ ሲገጣጠሙ ማታ ደህና የነበረ ቤት ጠዋት ሲከፈት ጉዝጓዙ ላይ ደም ይታያል።

እዚህ ከተማ ዝናቡ የክረምት ብቻ አይደለም፤ በልጉ ከገባ ጀምሮ እስከ መስከረም ይዘልቃል። ቀን ይሞቃል፣ ማታ ሲቀዘቅዝ ሸራው ይወርዳል፣ የጫጩቱ ትንፋሽና የኩሱ እርጥበት እዚያው ታፍኖ ያድራል። እንደ አዳማ ባለ ደረቅ ከተማ በራሱ የሚደርቅ ጉዝጓዝ ሀዋሳ ላይ የሰው እጅ ይፈልጋል። ስለዚህ የዚህ መመሪያ አብዛኛው ክፍል ስለ ውሃና ስለ ጉዝጓዝ ነው። መድኃኒቱም በልኩ ተቀምጧል፤ ግን ወለሉ እርጥብ ሆኖ መድኃኒት ብቻ የሚያፈራርቅ ሰው በየዙሩ ሲከፍል ይኖራል።

በሽታው እንዴት ይሠራል

አምጪው ኢሜሪያ የሚባል በዓይን የማይታይ ጥገኛ ተህዋስ ነው። ቫይረስም ባክቴሪያም አይደለም። በዶሮ ላይ የሚታወቁት ዋና ዋና ዝርያዎች ሰባት ናቸው። ደም የሚያስቀምጠውና ጫጩት በብዛት የሚገድለው ኢሜሪያ ቴኔላ ነው። ኢሜሪያ ኔካትሪክስ ከፍ ያሉ ቄቦችን ይመታል። ኢሜሪያ አሰርቩሊናና ኢሜሪያ ማክሲማ ብዙ ጊዜ ሳይገድሉ ክብደት ያስቀራሉ፤ መኖው ያልቃል፣ ዶሮው አያድግም፣ ምክንያቱም ሳይታወቅ ዙሩ ይዘጋል። የበግና የፍየል ኮክሲዲዮሲስ ወደ ዶሮ አይተላለፍም።

ከዶሮው ኩስ ጋር የሚወጣው የተህዋሱ ዘር፣ ኦኦሲስት የሚባለው፣ እንደወጣ ወዲያው አይበክልም። መጀመሪያ መብሰል አለበት፤ ለመብሰል እርጥበት፣ ሙቀትና አየር ያስፈልገዋል። ሦስቱ ከተሟሉ ከአንድ እስከ ሁለት ቀን ይበቃዋል። ጫጩቱ የበሰለውን ዘር ከጉዝጓዙ ጋር ሲለቅም ተህዋሱ አንጀት ውስጥ ከዘሩ ይወጣል፣ የአንጀቱን ግድግዳ እያፈረሰ ይራባል፣ ከአራት እስከ ሰባት ባሉት ቀናት ውስጥም አዲስ ዘር በኩስ መውጣት ይጀምራል። የተዋጠው አንድ ዘር እንደየዝርያው በአስር ሺዎች፣ አንዳንዴም በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሆኖ ይመለሳል።

ጊዜውን ያስሉት። በመጀመሪያው ሳምንት ጥቂት ዘር የለቀመ ጫጩት በሁለተኛው ሳምንት ያባዛዋል፣ በሦስተኛው ደግሞ ጉዝጓዙ ይሞላል። በሽታው ከ18ኛው ቀን አካባቢ ጀምሮ ድንገት የወጣ የሚመስለው ለዚህ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ጥቂት ጥቂት የለቀመ ጫጩት አይታመምም፤ ይልቁንም ያንን ዝርያ የመቋቋም አቅም ያዳብራል። በአንድ ጊዜ ብዙ የለቀመው ነው የሚሞተው። እንግዲህ ግቡ ተህዋሱን ከግቢ ጨርሶ ማጥፋት አይደለም፣ አይቻልምም። ግቡ ጫጩቱ በቀን የሚለቅመውን የበሰለ ዘር ማሳነስ ነው። አንዱን ዝርያ የተቋቋመ ዶሮ ሌላው ዝርያ ሲመጣበት አዲስ እንደሆነም አይዘንጋ።

ጫጩት ከመግባቱ በፊት

የቀደመው ዙር ጉዝጓዝ ሙሉ በሙሉ ይወጣል። ላዩን ብቻ ጠርጎ አዲስ ሰጋቱራ መደረብ ለቴኔላ ድግስ መደገስ ነው። ከዚያ በዚህ ቅደም ተከተል ይሂዱ፦

1. የደረቀውን ኩስ ከወለሉ፣ ከግድግዳው ሥርና ከማዕዘኖቹ በአካፋ ወይም በብረት መፋቂያ ይፋቁ። ኩስ ከስሩ እያለ የሚፈስ ውሃ ዘሩን ከቦታ ቦታ ከማዞር በቀር ፋይዳ የለውም።
2. በሞቀ ውሃና በኦሞ ሲሚንቶውን በመጥረጊያ አሽተው ይጠቡ። መጠጫና መመገቢያ ለየብቻ ታጥበው ፀሐይ ላይ ይዋሉ።
3. ቤቱን ከፍተው ሙሉ በሙሉ ያድርቁ። ሁለት ሳምንት ባዶ ማደር ጥሩ ነው፤ ግን እርጥብ ሆኖ የከረመ ቤት ባዶ ቆየ ማለት ብዙም አይረዳም።
4. የሲሚንቶ ወለል ከሆነ በጋዝ ማቃጠያ ነበልባል ቀስ እያሉ ስንጥቆቹንና ማዕዘኖቹን ያስሱ። ሙቀት ከ60 ዲግሪ ሲያልፍ ዘሩን ይገድላል፤ ላይ ላዩን በፍጥነት ያለፈ እሳት ግን ስንጥቅ ውስጥ ያለውን አያገኘውም። የእንጨትና የቀርከሃ ቤት ላይ ይህንን አይሞክሩ።

በረኪና የት ሄደ የሚል ሰው አይጠፋም። በረኪና፣ አዮዲንና ፎርማሊን ለባክቴሪያና ለቫይረስ ይጠቅማሉ፤ የኢሜሪያ ዘር ግን ወፍራም ሽፋን ስላለው እነዚህን ይቋቋማል። በኬሚካል ደረጃ የሚጎዳው አሞኒያ ነው፣ 10 በመቶ የሆነ። እሱም የሰው ሳንባና ዓይን ስለሚያቃጥል ጭምብልና ጓንት ይጠይቃል፣ ቤቱም ተዘግቶ ቆይቶ በደንብ መናፈስ አለበት። አሞኒያን ከበረኪና ጋር መቀላቀል መርዛማ ጋዝ ያወጣልና በፍጹም አይደረግም። ለአነስተኛ አርቢ መፋቅ፣ ማጠብና ማድረቅ ከአሞኒያ ይሻላሉ። በር ላይ የሚቀመጠው የእግር መንከሪያም ለዚህ በሽታ አይሠራም። የሚሠራው ጫማ መቀየር ነው፤ ለጫጩት ቤቱ ብቻ የሚውል አንድ ቦት ጫማ በሩ ላይ ይቀመጥ፣ ከዚያ ቤት አይውጣ።

ቤቱ ራሱ እርጥበት የሚያስገባ ከሆነ ሌላው ልፋት ከንቱ ነው። ወለሉ ከግቢው መሬት ቢያንስ 20 ሳንቲሜትር ከፍ ይበል። የጣሪያው ክፈፍ እስከ አንድ ሜትር ወደ ውጭ ይውጣ፤ የሀዋሳ ዝናብ ከንፋስ ጋር ስለሚመጣ አጭር ክፈፍ ከግድግዳው የሽቦ ወንፊት ሥር ያለውን ጉዝጓዝ ከማራስ አያድነውም። በዙሪያው የውሃ መውረጃ ቦይ ይቆፈር።

ጉዝጓዙ

ሀዋሳ ላይ በቀላሉ የሚገኙት ሰጋቱራ፣ የመላጊያ ማሽን ፍቅፋቂ፣ ጭድና የቡና ገለባ ናቸው። ከእነዚህ ፍቅፋቂው ይመረጣል፤ እርጥበት ይመጥጣል፣ ቶሎም ይለቃል። ደቃቅ ሰጋቱራ ይሠራል፣ ነገር ግን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጫጩት መኖ መስሎት ስለሚለቅመው ሦስት ቀን ያህል ወፈር ያለ ወረቀት ይነጠፍበት። ወረቀቱ በየቀኑ ይቀየራል። ጭድ ሳይከተከት ከተነጠፈ ላዩ ይጣበቅና ሥሩ ይበሰብሳል፤ ከ5 ሳንቲሜትር ባልበለጠ ቁመት ተከትክቶ ከሌላ ጋር ቢደባለቅ ይሻላል። የቡና ገለባ ርካሽ ነው፤ ችግሩ ሻጋታ ነው። ሽታው ሻጋታ ሻጋታ የሚል ገለባ ለጫጩት ሳንባ ሌላ በሽታ ያመጣልና አያስገቡት። ቀለም ወይም የምስጥ መድኃኒት የተቀባ እንጨት ሰጋቱራም እንዲሁ።

ውፍረቱ በደረቅ ወራት 5 ሳንቲሜትር፣ በዝናብ ወራት እስከ 10 ሳንቲሜትር ይሁን።

እርጥበቱን ለመለካት መሣሪያ አያስፈልግም። ከመጠጫው አጠገብ፣ ከመሀልና ከግድግዳ ሥር አንዳንድ እፍኝ ያንሱና ጨብጠው ይልቀቁ። ሲለቁት ላላ ብሎ ከተበተነ ደህና ነው። ጭብጡ እንደተጨበጠ ከቀረ እርጥበቱ አልፏል፣ ዘሩ እየበሰለ ነው። አቧራ ሆኖ ከቦነነ ደግሞ በጣም ደርቋል፣ ሳል ያመጣል። ከዚያ በርከክ ብለው ጫጩቶቹ በሚተነፍሱበት ከፍታ ሁለት ደቂቃ ይቆዩ። ዓይን ከቆጠቆጠ አሞኒያ በዝቷል፤ ቆሞ የሚያልፍ ሰው ይህን ሽታ አያገኘውም።

ጉዝጓዙ በየሁለት ቀኑ በመንሽ ይገለበጥ። የተጋገረው ተቆርጦ ከቤት ይውጣ፣ ቦታው በደረቅ ይተካ። የተጋገረውን ሰባብሮ መልሶ መደባለቅ የተለመደ ነው፣ ግን እርጥበቱንና ዘሩን ለመላው ቤት ማካፈል ነው። ኖራ ነስንሰው የሚገላገሉ አሉ፤ ኖራ እርጥበት በመምጠጥ ይረዳል እንጂ ዘሩን አይገድልም፣ ሲበዛም የጫጩቱን እግርና ዓይን ያቃጥላል።

ማታ ሸራ ሲወርድ እስከ ጣሪያው አይዝጉት። ከላይ 20 ሳንቲሜትር ያህል ክፍት ይተው፤ ሙቅና እርጥብ አየር የሚወጣው በዚያ ነው፣ ጫጩቱ ያለበት ወለል ግን ከንፋስ ይከለላል።

መጠጫው

ብዙ ጊዜ በሽታው የሚነሳው ከመጠጫው ዙሪያ ካለው አንድ ሜትር ቦታ ነው። እዚያ ጉዝጓዙ ይርሳል፣ ጫጩቱ ሲጠጣ ይኮሳል፣ መልሶም እዚያው ይለቅማል።

የመጠጫው ከንፈር ከጫጩቱ ጀርባ እኩል ይሁን። ጫጩት በሳምንት ውስጥ ስለሚያድግ በሳምንት አንድ ጊዜ ጡብ ወይም ጣውላ ይጨመርበታል፤ የሚንጠለጠል ከሆነ ገመዱ ያጥራል። ዝቅ ያለ መጠጫ ውስጥ ጫጩት ይገባል፣ ይኮሳል፣ ይደፋል። ለ50 ጫጩት ባለ 4 ወይም 5 ሊትር አንድ መጠጫ ይመደብ። ከአንደኛው ሳምንት በኋላ መጠጫው የሽቦ ወንፊት በተመታበት የእንጨት ፍሬም ላይ ቢቀመጥ የሚንጠባጠበው ውሃ ከወንፊቱ በታች ይቀራል፣ ጫጩቱም አይደርስበትም። ይህ ፍሬም በአንድ ሜትር በአንድ ሜትር ስፋት ከቁርጥራጭ ጣውላ ይሠራል። ከምንመክረው ሁሉ በትንሽ ወጪ ብዙ የሚያድነው እሱ ነው።

መመገቢያውም በተመሳሳይ ከፍታ ይሁን። መኖ ጉዝጓዝ ላይ አይበተን፤ የተበተነ መኖ የሚለቅም ጫጩት ኩስ አብሮ ይለቅማል።

ብዛትና ዕድሜ

እስከ አራት ሳምንት በአንድ ካሬ ሜትር ከ20 ጫጩት አይብለጥ፤ ከዚያ እስከ ስምንት ሳምንት 10 ይበቃል። የስጋ ዶሮም እስኪሸጥ 10 ነው፣ በክረምት 8 ቢሆን ይመረጣል። ለበዓል ተብሎ በመጨረሻው ሳምንት ከሌላ ቤት የተጨመሩ ዶሮዎች ሁለት ጣጣ ያመጣሉ፤ ወለሉን ያረጥባሉ፣ እዚያ ቤት ያልነበረ ዝርያም ይዘው ይገባሉ።

የተለያየ ዕድሜ ያላቸው አንድ ላይ አያድጉ። ትልልቆቹ ሳይታመሙ ዘር ይጥላሉ፣ ትንንሾቹ ይለቅማሉ። በግቢ የሚዞሩ የሐበሻ ዶሮዎች ወደ ጫጩት ቤቱ እንዳይገቡ ይከለከሉ። በሥራ ቅደም ተከተል ሁልጊዜ ከትንሹ ወደ ትልቁ ይሂዱ።

የ45 ቀን ቄብ ገዝተው የሚጀምሩ ሰዎች ይህ ችግር ያለፈላቸው ይመስላቸዋል። ቄቧ የተቋቋመችው የአሳዳጊዋን ቤት ዝርያ ነው፤ የእርስዎ ግቢ ሌላ ሊኖረው ይችላል፣ መንገዱም አድክሟታል። ስለዚህ ሁለት ሳምንት ለብቻ ያቆዩዋቸውና ኩሳቸውን በየቀኑ ይዩ። ስትገዙም ቀድሞ ምን መድኃኒትና ምን መኖ እንደወሰዱ ጠይቁ።

መኖ፣ ክትባትና ቅድመ መከላከል

ከፋብሪካ የሚመጣ የጫጩት መኖ ፀረ ኮክሲዲያ፣ ማለትም ይህን በሽታ የሚከላከል መድኃኒት፣ ሊኖረው ላይኖረውም ይችላል። መለያውን ያንብቡ፣ ካልተጻፈ ሻጩን ይጠይቁ። ቤት ውስጥ የተቀናበረ መኖ በራሱ የለውም። በቅድመ መከላከል መጠን አምፕሮሊየም ከሚባለው ፀረ ኮክሲዲያ በአንድ ኩንታል መኖ 12.5 ግራም ንጥር መድኃኒት ይገባል፤ 20 በመቶ ከሆነው ዱቄት 62.5 ግራም ማለት ነው። ይህን በቀጥታ ኩንታሉ ላይ መነስነስ አይቻልም። መጀመሪያ ከአንድ ኪሎ መኖ ጋር፣ ከዚያ ከአስር ኪሎ ጋር፣ በመጨረሻ ከቀሪው ጋር ይደባለቃል። አለዚያ አንዱ ጫጩት ብዙ፣ ሌላው ምንም አያገኝም።

መለያው ላይ ሞኔንሲን ወይም ሳሊኖማይሲን የሚል ካለ ሁለት ጥንቃቄ አለ። አንደኛው፣ እነዚህ መድኃኒቶች ፈረስን ይገድላሉ፤ ግቢው ውስጥ የጋሪ ፈረስ ወይም አህያ ካለ የዶሮ መኖ ጆንያ አይቅረበው፣ ትራፊውም አይሰጠው። ሁለተኛው፣ ለሳል ከሚታዘዘው ቲያሙሊን ጋር አብረው ሲሰጡ ዶሮውን ይመርዛሉ።

የፈንግልና የጉምቦሮ ክትባት ኮክሲዲዮሲስን አይከላከልም። ቢሆንም ጉምቦሮ የጫጩቱን የመከላከል አቅም ስለሚሰብር ጉምቦሮ ያልተከተበ መንጋ በኮክሲዲዮሲስ ክፉኛ ይመታል። የኮክሲዲዮሲስ የራሱ ክትባት ሕያው ተህዋስ የያዘ ሲሆን ብዙውን ጊዜ በመፈልፈያው በአንደኛው ቀን ይረጫል። የተከተበ ጫጩት ካገኙ ፀረ ኮክሲዲያ ያለበት መኖ አይስጡት፤ መድኃኒቱ ክትባቱን ይገድለዋል።

መለየት

ከ14ኛው ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ፣ መኖ ከመቅረቡ በፊት፣ ይህን ይዩ፦ ላባቸውን አንጨፍረው፣ ክንፋቸውን ጥለው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው በሙቀቱ ዙሪያ የሚከማቹ አሉ ወይ? መኖው ተርፏል ወይ? እግራቸውና አናታቸው ላይ ያለው ቀዩ ሥጋ ገርጥቷል ወይ? ኩሱ ውስጥ ደም፣ ወይም ብርቱካንማ ንፍጥ አለ ወይ?

ጤነኛ ዶሮም በየቀኑ ጥቁር ቡኒ፣ ለጥላጣ፣ ሽታው የከረረ ኩስ ይጥላል፤ እሱ በሽታ አይደለም። አልፎ አልፎ የሚታይ ቀይ ቁራጭም ተልጦ የወጣ የአንጀት ሽፋን ሊሆን ይችላል። የሚያሳስበው ደሙ በብዙ ቦታ ሲታይና መኖ መቀነስ አብሮ ሲመጣ ነው።

እርግጡን የሚናገረው አንጀቱ ነው። ዶሮ ገነጣጥሎ ለወጥ ያዘጋጀ ሰው ይህ አይከብደውም። ከሞተ ጥቂት ሰዓት ያልሞላውን ጫጩት ጓንት አድርገው በጀርባው ያስተኙ፣ ከደረቱ አጥንት በታች ቆዳውን ይክፈቱና አንጀቱን ያውጡ። ወደ መጨረሻው አካባቢ ጫፋቸው የተደፈነ ሁለት ከረጢቶች ጎን ለጎን ይገኛሉ። በጤናማ ጫጩት ቀጫጭን ናቸው፣ ውስጣቸው ቡኒ ኩስ አለ። በቴኔላ አብጠው ከውጭ ሳይከፈቱ ጥቁር ቀይ ሆነው ይታያሉ፤ በመቀስ ሲሰነጠቁ ደም ወይም የረጋ ደም ይወጣል። በሽታው ጥቂት ቀን ከቆየ ደሙ ጠጥሮ እንደ አይብ የረጋ ነጭ ቀይ ነገር ይሆናል። የተነፋው መሀለኛው አንጀት ከሆነና ከውጭ ነጭና ቀይ ነጠብጣብ ከታየበት ኔካትሪክስ ነው። በላይኛው አንጀት ላይ አግድም የተሰመሩ ነጫጭ መስመሮች አሰርቩሊናን ያመለክታሉ።

ወደ ላቦራቶሪ ለመውሰድ ካሰቡ፣ ከአስር በላይ ቦታ የተነሳ ትኩስ ኩስ ወይም በበረዶ የተያዘ ሬሳ በዚያው ቀን ይድረስ። የክፍለ ከተማው የእንስሳት ጤና ባለሙያ የት እንደሚላክ ይነግርዎታል፤ ወላይታ ሶዶ የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ አለ። ማወቅ የሚገባው አንድ ነገር፦ በቴኔላ ጫጩት ገና ዘር በኩስ መውጣት ሳይጀምር ሊሞት ስለሚችል የኩስ ምርመራው ምንም አልተገኘም ቢል በሽታው የለም ማለት አይደለም። በተቃራኒው ጤነኛ መንጋ ኩስ ውስጥም ጥቂት ዘር ይገኛል።

ሕክምና

የታመመ ጫጩት መብላት ያቆማል፣ መጠጣት ግን ይቀጥላል። ስለዚህ መድኃኒቱ በውሃ ይሰጣል፤ የሚሰጠውም ለታመሙት ብቻ ሳይሆን ለቤቱ ሁሉ ነው።

የመጀመሪያው ምርጫ አምፕሮሊየም ነው። መጠኑ በአንድ ሊትር ውሃ 240 ሚሊግራም ንጥር መድኃኒት፣ ከሦስት እስከ አምስት ቀን። 20 በመቶ ዱቄት ከሆነ በሊትር 1.2 ግራም፣ 9.6 በመቶ ፈሳሽ ከሆነ በሊትር 2.5 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። ከዚያ በኋላ በሊትር 60 ሚሊግራም፣ ማለትም ከ20 በመቶው ዱቄት 0.3 ግራም፣ ለአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይቀጥላል። ማሸጊያው ላይ ያለው የመድኃኒት መቶኛ ሌላ ከሆነ ስሌቱም ይለወጣል።

የአራት ሳምንት 100 የእንቁላል ዝርያ ጫጩት በቀን ከ6 እስከ 8 ሊትር ይጠጣል፤ ሲሞቅ ይጨምራል። በ8 ሊትር ቢሰላ በቀን 9.6 ግራም፣ ለአምስት ቀን 48 ግራም ዱቄት ያስፈልጋል። በሻይ ማንኪያ መገመት እዚህ አይሠራም፤ ትንሽ ዲጂታል ሚዛን ከሌለ ከመድኃኒት ቤቱ የየቀኑን በየወረቀቱ አስመዝነው ይውሰዱ።

ማታ መጠጫዎቹን ይጠቡ። ጠዋት አንድ ሰዓት ያህል ውሃ ይከልክሉ፤ ከዚያ መድኃኒቱ ያለበት ውሃ ብቻ ይቅረብ። ሌላ የውሃ ምንጭ፣ ከጣሪያ የሚንጠባጠበውም ጭምር፣ አይኑር። በየቀኑ አዲስ ይበጥበጥ፣ ያደረው ይደፋ።

አምፕሮሊየም የሚሠራው ተህዋሱን ቫይታሚን ቢ1 በመንፈግ ነው። በዚያው ውሃ ውስጥ ለብርታት ተብሎ ቢ ኮምፕሌክስ የጨመረ ሰው መድኃኒቱን ራሱ እያከሸፈው ነው፤ ቢ ቫይታሚን ሕክምናው ሲያልቅ ይሰጥ። ለደም መፍሰሱ ቫይታሚን ኬ፣ ለአንጀቱ ቫይታሚን ኤ ይጠቅማሉ።

ሞት ካልቆመ ቶልትራዙሪል አለ፤ 2.5 በመቶ የሆነው በሊትር 1 ሚሊ ሊትር፣ ለ48 ሰዓት ያለማቋረጥ። እንቁላሉ ለሰው የሚቀርብ ዶሮ አይሰጠውም፣ ለስጋ ከሆነም መለያው ላይ የተጻፈው የጥበቃ ጊዜ ሳያልፍ አይታረድም። ይህ ጊዜ ከሁለት ሳምንት ሊበልጥ ስለሚችል በዓሉ ሲቀርብ ከመስጠትዎ በፊት ቀኑን ይቁጠሩ። የሰልፋ መድኃኒቶችም ይሠራሉ፤ ግን መጠናቸው ትንሽ ሲያልፍ ኩላሊት ይጎዳሉ፣ ራሳቸው ደም ያፈሳሉ፣ ለእንቁላል ጣይም አይሆኑም። ያለ ባለሙያ ትእዛዝ አይጀመሩ።

በየመጠጫው የሚበጠበጠው የሰው ቴትራሳይክሊን ካፕሱል ኢሜሪያን አይነካም። ነጭ ሽንኩርትና ፌጦም እንዲሁ፤ ጉዳት የላቸውም፣ ግን እነሱን ሲሞክሩ የሚያልፉት ሁለት ቀናት ሞት የሚበዛባቸው ናቸው።

መድኃኒቱ በተጀመረበት ቀን ጉዝጓዙም መነሳት አለበት። ቢያንስ በመጠጫና በመመገቢያ ዙሪያ ያለው እርጥብ ሁሉ ወጥቶ በደረቅ ይተካ። መድኃኒት አንጀት ውስጥ ያለውን ይገታል፤ ወለሉ ላይ የበሰለውን አይነካም፣ መድኃኒቱ ሲቋረጥ ጫጩቱ መልሶ ይለቅመዋል። ከሳምንት በኋላ አገረሸ የሚባለው አብዛኛው ይህ ነው። ሁለት ቀን ሰጥተው ደሙ ሲጠፋ የሚያቋርጡም እዚያው ውስጥ ይገባሉ።

በሦስተኛው ቀን ሞት ካልቀነሰ መጠኑን አይጨምሩ፤ ሌላ የሞተ ከፍተው ይዩ። ጉምቦሮም በዚሁ ዕድሜ ይመጣል፤ ነጭ ውሃማ ተቅማጥ፣ እንቅጥቅጥና ከኩስ መውጫው በላይ ያለ ዕጢ ማበጥ ከታየ የኮክሲዲዮሲስ መድኃኒት አያቆመውም።

የወጣው ጉዝጓዝ

ከዶሮ ቤቱ ርቆ፣ ውሃ ወደ ቤቱ በማይመለስበት በኩል ይከመር። አንድ ሜትር ያህል ቁመት ይኑረው፣ እርጥበቱ ካነሰ ውሃ ይርከፍከፍበት፣ በላስቲክ ይሸፈን። ውስጡ ከ55 ዲግሪ በላይ ሲግል ዘሩ ይሞታል። ዳር ዳሩ ስለማይግል በየሳምንቱ ይገለበጥ፣ ውጩ ወደ ውስጥ ይግባ። ሦስት አራት ጊዜ ከተገላበጠ በኋላ ለእንሰቱም ለጎመኑም ይሆናል። የሞቱት ጫጩቶች እዚህ ክምር ላይ አይጣሉ፣ ለውሻም አይሰጡ፤ ግማሽ ሜትር በሚጠልቅ ጉድጓድ ይቀበሩ። ጉዝጓዙ የተጫነበት ጋሪና አካፋ ታጥቦ ሳይደርቅ ወደ ጫጩት ቤት አይመለስ።